ስለ ፓይን ዛፍ መጠውለግ በሽታ፤ ትሉና ባክቴሪያው በየመጠናቸው ይፈረድባቸው

በጃፓን፣ በቻይና፣ በኮርያና በፖርቱጋል ደኖች ላይ ከፍ ያለ ጥፋት ያደረሰው የፓይን ዛፍ መጠውለግ በሽታ በሊቃውንት መካከል የቆየ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩም ዛፉን የሚገድለው በእንጨቱ ውስጥ የሚኖረው ረቂቅ ትል ብቻውን ነው፣ ወይስ ትሉ በገላው ላይ ተሸክሞት የሚገባው ባክቴሪያ ነው የሚል ነው። ነገሩ የቤተ ሙከራ ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጥፋተኛው ተለይቶ ካልታወቀ ገንዘቡም ጉልበቱም በማይገባው ቦታ ስለሚፈስስ፣ ሰፊ ደን የሚያስተዳድር ሹምም ሆነ በማሳው ዳር ጥቂት ዛፍ የተከለ ገበሬ ፍርዱን ሊያውቀው ይገባል።

አስቀድሞ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛ ጥድ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የሐበሻውን ጥድ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ የሚባለውም በየአጥሩ ተተክሎ የሚታየው ሌላ ዛፍ ነው። እዚህ የሚነገርለት ፓይን ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጥኖና ረዝሞ በጥቅል በጥቅል የሚወጣ፣ ግንዱ ሲቆስል ሙጫ የሚያፈስስ ዛፍ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛንያ ደጋዎች ፓቱላ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከሜክሲኮ የመጣው ዛፍ ከዚሁ ወገን ነው። ሙጫውን አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚህ ዛፍ ጋሻው ሙጫው ነውና።

በሽታው በመጀመሪያ የታየው በ1905 በጃፓን አገር በናጋሳኪ አካባቢ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በሙቀቱ ወራት ለምለም ሆኖ የቆመ ዛፍ በድንገት ሙጫው ይነጥፋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ከዚያም የዝገት መልክ ይይዛል። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥም ዛፉ እንደ ቆመ ይሞታል። ስልሳ ዓመት ያህል ለዚህ ጥፋት የተከሰሱት ጢንዚዛዎች ነበሩ። የሞተው ግንድ ሲላጥ ከቅርፊቱ ሥር ጢንዚዛና እጭ ተጠቅጥቆ ስለሚገኝ፣ ክሱ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ጢንዚዛዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሙጫው አስቀድሞ በነጠፈ ዛፍ ላይ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሙጫውን ያነጠፈው ሌላ መኖሩ ግልጽ ሆነ።

ይህንንም ሌላ ያገኙት በኪዩሹ ደሴት የሚሠሩት የደን መርማሪዎች ቶኩሺጌና ኪዮሃራ ናቸው። በ1969 ከሞቱ ፓይኖች እንጨት ውስጥ እጅግ ብዙ ረቂቅ ትል ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ በ1971 ደግሞ በሻጋታ ላይ ያረቡትን ይህንኑ ትል በጤነኛ ዛፎች ግንድ ውስጥ ጨምረው ዛፎቹ እንደ ደረቁ አሳዩ። ትሉ በጃፓን በ1972 እንደ አዲስ ፍጥረት ስም ወጥቶለት ነበር፤ በ1981 ግን በአሜሪካ በሉዊዚያና ከተገኘ እንጨት ተወስዶ በ1934 የተመዘገበው ቡርሳፌሌንኩስ ክሲሎፊሉስ የሚባለው ትል ራሱ መሆኑ ተረጋገጠ። ክሲሎፊሉስ በግሪክኛ እንጨት ወዳድ ማለት ነው። የትሉ ትውልድ አገር ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ የዚያ አገር ተወላጅ ፓይኖች አብዛኛውን ጊዜ ችለውት ይኖራሉ፤ የሚያልቁት ትሉን አይተውት የማያውቁት የእስያና የአውሮጳ ፓይኖች ናቸው።

ትሉ ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከዛፍ ወደ ዛፍ በራሱ ሊሻገር አይችልም። የሚያጓጉዘው ሞኖካሙስ የሚባለው ረጅም ቀንድ ያለው ጢንዚዛ ነው፤ ስለዚህ በጢንዚዛው ላይ የቀረበው የቀድሞው ክስ ከነጭራሹ ሐሰት አልነበረም። ጢንዚዛው በሞተ ግንድ ውስጥ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ትሎቹ በመተንፈሻ ቧንቧዎቹ ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ በአንድ ጢንዚዛ ውስጥ ከ10,000 በላይ ትል የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጢንዚዛው ወጥቶ የጤነኛ ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ሲግጥ ትሎቹ ከገላው ወርደው በቁስሉ ይገባሉ፤ በሙጫው መሄጃ እየተጓዙም የዛፉን ሕያው ክፍል ወግተው ይመጥጣሉ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን አንዱ ትውልድ ሌላውን ለመተካት የሚፈጅበት 5 ቀን ገደማ ነው። በመጨረሻም ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣባቸው ቧንቧዎች አየር እየሞላባቸው ይቋረጣሉ፤ ዛፉም በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል።

እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ የተነሣው ከአንድ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ይኸውም የዛፉ ሙጫ መንጠፍ የሚጀምረው ትሉ ገና ብዙ ሳይራባ መሆኑ ነው። ጥቂት ትል ከሰው ቁመት አሥር እጥፍ የሚበልጥን ዛፍ እንዴት ሊያዝለው ይችላል? መርዝ መኖር አለበት የሚለው ጥርጣሬ የመጣው ከዚህ ነው። በ1980 በጃፓን የኦካያማው ኦኩና ባልደረቦቹ መርዙን የሚሠራው ከትሉ ጋር አብሮ የሚገኝ ባክቴሪያ እንደ ሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። በ1990ዎቹም ካዋዙና ባልደረቦቹ ከባሲለስ ወገን የሆነ ባክቴሪያ ፌኒል አሴቲክ አሲድ የሚባለውን ለፓይን ችግኝ መርዝ የሆነ ነገር እንደሚያመነጭ አሳዩ። በቻይናም የናንጂንግ የደን ዩኒቨርሲቲው ዣኦ ቦጓንግና ባልደረቦቹ ጉዳዩን ከዚያ ወዲያ አራቁት። ከባክቴሪያ የጸዳ ትል ብቻውን፣ ባክቴሪያ ብቻውን፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አድርገው በጠርሙስ ውስጥ በንጽሕና ባደጉ ችግኞች ላይ ሞከሩ፤ የጠወለጉትም ሁለቱ አንድ ላይ የገቡባቸው ችግኞች ናቸው አሉ። ከዚህም ተነሥተው በሽታው የትሉና የባክቴሪያው የጋራ ሥራ እንጂ የአንዱ ብቻ አይደለም ብለው ደመደሙ።

ይህ አሳብ ብዙ ሰው የሳበ ነው፤ መሳቡም አያስደንቅም። በተለይ የኢትዮጵያ የእርሻ ሰው ሊቀበለው ይቀናዋል፤ ምክንያቱም የእንሰት አጠውልግን ያውቃል። በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እንዳስታወቁት የእንሰት አጠውልግ ገዳዩ ባክቴሪያ ነው፤ በታመመ እንሰት ላይ ያረፈ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታው ይሻገራል። እዚያ ባክቴሪያው ዋና ነው፤ ቢላዋው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የእንሰቱን ፍርድ እንዳለ አንሥቶ በፓይኑ ላይ መጫን አይገባም። በእንሰት ላይ ቢላዋው ባክቴሪያ ከሌለበት ቆረጠ እንጂ አልገደለም፤ በፓይን ላይ ግን ትሉ ባክቴሪያ ሳይኖርበትም ዛፍ ሲገድል ታይቷል።

በ1983 ጃፓናዊው ታሙራ ከባክቴሪያ የጸዱ ትሎችን በንጹሕ ችግኞች ላይ ሞክሮ ችግኞቹ እንደ ሞቱ ገልጾ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2012 ከዚያው ከናንጂንግ የደን ዩኒቨርሲቲ የወጡት ዡና ዬ የሚባሉት መርማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በንጽሕና የተጠበቀ ሙከራ አድርገው፣ ትሉ ያለ ባክቴሪያ እርዳታ ችግኝ እንደሚገድል፣ ባክቴሪያው ግን ለበሽታው የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ አስታወቁ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተቃራኒ ቃል መውጣቱ ለሊቃውንቱ ነቀፌታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ የጎረቤቱን ሙከራ ደግሞ የሚሠራ ሰው ባለበት ቤት እውነት አይጠፋም።

ታዲያ የመጀመሪያው ሙከራና የኋለኛው ለምን ተለያዩ? ነገሩ በአጠባው ላይ ነው። ትልን ከባክቴሪያ ማጽዳት ጤፍን ከእንክርዳድ እንደ መለየት ቀላል አይደለም። በኃይለኛ መድኃኒት የታጠበ ትል ባክቴሪያው ሲራገፍለት ራሱም ሊጎዳ ይችላል፤ የተጎዳ ትል ዛፍ ባይገድል ጥፋቱ የባክቴሪያው መጉደል ነው ለማለት አይቻልም። በጥቂቱ የታጠበ ትል ደግሞ ንጹሕ ነው ተብሎ ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የሚወጣን ወሬ የሚሰማ ሹም፣ ከውጤቱ በፊት ትሉ እንዴት እንደ ጸዳና ከጸዳ በኋላ በሙሉ ጤናው ይራባ እንደ ነበር መጠየቅ ይኖርበታል።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስላል። በቻይና ከትሉ ጋር ጎልቶ የተገኘው ፕሴውዶሞናስ ነው፤ በጃፓን የተከሰሰው ባሲለስ ነው፤ በፖርቱጋል ደግሞ ሰራሺያና ሌሎችም በዝተው ይገኛሉ። አገር በተለወጠ ቁጥር ባክቴሪያው ይለወጣል፤ ትሉ ግን በሁሉም አገር ያው ነው፤ የዛፉም አሟሟት ያው ነው። ከዚህም በላይ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ወገን የሆኑት በጤነኛ ፓይን ውስጥም ያለ ጉዳት ይኖራሉ። በየወንጀሉ ቦታ ሁሉ የሚገኝ አንድ ሰው ካለና ከእርሱ ጋር የሚታዩት ባልንጀሮች በየጊዜው ሌሎች ከሆኑ፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠራው ያንን አንዱን ነው።

እንዲሁም በ2011 ኪኩቺና ባልደረቦቹ የትሉን ሙሉ የዘር መዝገብ አንብበው ሲያወጡ፣ የእንጨትን ግድግዳ የሚያፈርስ ሴሉሌዝ የሚባለውን ነገር ለመሥራት የሚያስችሉ ዘሮች በራሱ በትሉ ውስጥ ተገኝተዋል። የሚያስደንቀው እነዚህ ዘሮች በጥንት ዘመን ከሻጋታ ወደ ትሉ የተሻገሩ መሆናቸው ነው። ትሉ መፍረሻውን ከሌላ ከወሰደ ቆይቷል ማለት ነው፤ ዛሬ በበሩ ላይ የሚያፈርስለት ሠራተኛ የግድ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ባክቴሪያው ምንም ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ፓይን በሙጫው ውስጥ ያለውን ቴርፔን የሚባል ኃይለኛ ነገር ትሉን ለመመረዝ ያፈስስበታል፤ በ2013 የወጣ ምርምር እንዳሳየው ከትሉ ጋር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይህን ቴርፔን የመሰባበር ችሎታ አላቸው። ዛፉ ሲወጋ ትሉን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ያመነጫል፤ በዚያው ዓመት ቪሴንቴና ባልደረቦቿ በፖርቱጋል ትሎች ላይ የተገኙ የሰራሺያ ዝርያዎች ትሉ ይህን እንዲቋቋም እንደሚረዱት አሳይተዋል። ስለዚህ ባክቴሪያው ለትሉ መንገድ ጠራጊ፣ ጋሻ ያዥ ሊሆን ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጥቂት ትል ከብዙ ባክቴሪያ ጋር ሲገባ የዛፉ መከላከያ ቶሎ ይደክም ይሆናል። ነገር ግን ጋሻ ያዥን ገዳይ ብሎ መክሰስ ሌላ ነገር ነው።

በጉዳዩ ላይ አንድ አስቂኝ ነገርም አለ። በዚያው በ2013 ከፖርቱጋል የወጣ ሌላ ምርምር፣ ከትሉ ጋር ከተገኙት የሰራሺያ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ትሉን ራሱን የሚገድል ነገር እንደሚያመነጩ ገለጸ። እንግዲህ ከባልንጀሮቹ መካከል ወዳጅም ጠላትም አለ ማለት ነው። ባክቴሪያ በሙሉ የትሉ ተባባሪ ነው ብሎ በጅምላ ለማጥፋት የሚነሣ ሰው፣ ለዛፉ ሊቆምለት የሚችለውንም አብሮ ያጠፋል።

ስለዚህ ሚዛናዊው ፍርድ ገዳዩ ትሉ ነው፤ ጢንዚዛው አጓጓዥ ነው፤ ባክቴሪያው እንደ አገሩና እንደ ዝርያው አንዳንድ ጊዜ ረዳት፣ አንዳንድ ጊዜ ተመልካች፣ አንዳንድ ጊዜም ጠላት ነው የሚለው ነው። በትሉ ላይ የሚወረውር ሰው ባክቴሪያውንም አብሮ ያስቀረዋል፤ በባክቴሪያው ላይ የሚወረውር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደ መታው ሰው ይሆናል።

በሥራም የታየው ይህንኑ ያጸናል። በጃፓን የታወቁ የመቅደስና የመናፈሻ ፓይኖችን ለማዳን ትሉ ከመግባቱ አስቀድሞ ግንዳቸው ውስጥ መድኃኒት ይወጋል፤ ከእነዚህም ኤማሜክቲን ቤንዞኤት አንዱ ነው። ይህ መድኃኒት የሚገድለው ትልን እንጂ ባክቴሪያን አይደለም፤ ዛፉ ግን ይድናል። በእርግጥ የባክቴሪያው ጠበቆች ‹‹ተሸካሚው ሲሞት ጭነቱም ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ባክቴሪያውን ንጹሕ አያደርገውም›› ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው። ለደን ሹም ግን ይህ መልስ ራሱ ሥራውን ያቀልለታል፤ ጭነቱ የሚቀረው ተሸካሚው ሲሞት ነው ካሉ፣ በተሸካሚው ላይ መዝመት በቂ ነው ማለታቸው ነውና። መድኃኒቱ ግን ለእያንዳንዱ ዛፍ የሚወጋና ውድ ስለ ሆነ ለከበሩ ዛፎች እንጂ ለሰፊ ደን አይሆንም።

ለሰፊ ደን የሚሆነው የደረቀውን ዛፍ ቶሎ ማንሣት ነው። በዚህ ረገድ የጃፓን ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ የሞቱትን ዛፎች እየቆረጡ ማቃጠል በሕግ ሲሠራበትና ገበሬውም የደረቀውን ፓይን ለማገዶ ሲለቅም ጥፋቱ ቀንሶ ነበር። ኋላ አገሩ ሲበለጽግ ሕዝቡ ወደ ጋዝ ምድጃ ዞረ፤ የደረቀው ግንድ በየተራራው ተትቶ የጢንዚዛ ማሳደጊያ ሆነ። በ1979 በአንድ ዓመት ብቻ የጠፋው እንጨት 2.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት መካከል ባክቴሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገበሬው ምድጃ ነው።

በሽታው በ1982 በቻይና በናንጂንግ፣ በ1988 በኮርያ በቡሳን፣ በ1999 ደግሞ በፖርቱጋል በሴቱባል አካባቢ ተገኘ። ፖርቱጋል ትሉ ከሴቱባል እንዳይወጣ 3 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀበቶ ላይ ያለውን ፓይን ሁሉ ቆረጠች፤ ጢንዚዛው ይህን ርቀት ለመሻገር ይቸገራል ተብሎ ነበር። በ2008 ግን ትሉ ከቀበቶው እጅግ ርቆ በመካከለኛው አገር በአርጋኒልና በሎዛ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ርቀት ጢንዚዛ በአንድ ዝላይ አይበርም፤ የጭነት መኪና ግን ይሄደዋል። ለደን ጥበቃ የቆመ ሹም ከማይክሮስኮፑ ይልቅ የእንጨት ጫኙን መዝገብ አጥብቆ ቢያነብብ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ለምሥራቅ አፍሪካም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የዚህ አካባቢ ፓይኖች ሁሉ ከውጭ የመጡ ዛፎች ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ዛፍ ከውጭ በሚመጣ በሽታ እንዴት እንደሚመታ ኬንያ አይታዋለች። በ1960ዎቹ ዶቲስትሮማ የሚባለው የቅጠል ሻጋታ ራዲያታ የሚባለውን ፓይን ስለ መታው ይህን ዛፍ መትከል ቀርቶ በፓቱላ ተተክቷል። የፓይን ትል ደግሞ የሚጓዘው በዛፍ ብቻ ሳይሆን ዕቃ በሚጫንበት የእንጨት ሣጥንና መደብ ውስጥም ነው። በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ እንዲህ ያለው እንጨት እስከ መካከሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዲያገኝና ማኅተም እንዲደረግበት ያዝዛል። ይህ ሙቀት ትሉንና የጢንዚዛውን እጭ ይገድላል፤ የባሲለስን ስፖር ግን አይገድልም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሚዛኑን የለኩት በትሉ እንጂ በባክቴሪያው እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፤ መልካምም አድርገዋል። ስለዚህ በወደብና በጉምሩክ ያለው ሠራተኛ የሚመለከተው ማኅተሙንና በእንጨቱ ላይ የጢንዚዛ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ነው።

በደን ውስጥ ደግሞ ያለ ምክንያት በሙቀቱ ወራት የደረቀ ፓይን ሲገኝ፣ ጠባቂው በግንዱ ቅርፊት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና ሙጫ ይወጣ እንደ ሆነ ይይ። ካልወጣ ከግንዱ የተቦረቦረ ፍቅፋቂ በጨርቅ አድርጎ በውሃ በተሞላ ማንቆርቆሪያ ላይ አንድ ቀን ያሳድረው፤ ሕያው ትል ካለ ወደ ታች ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል፤ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት መሥሪያ ቤት የሚላከው ይህ ውሃ ነው። ትሉ ከተገኘ የዛፉ ግንድና ቅርንጫፍ ጢንዚዛው ክንፍ አውጥቶ ከመብረሩ በፊት ይቃጠል፣ ወይም ከ3 ሴንቲሜትር በማይበልጥ መጠን ይከተከት። ቅርንጫፉን ለማገዶ ብሎ ወደ ሌላ ቀበሌ የሚጭን ሰው ካለ በዚያው ቀን ይከልከል።